ምርቃቴ ሸክም የሆነበት ልጄ

በሰፈራችን በደባርቅ ግንቦት ልደታ የሚከበረው ደጅ ላይ ነው። ንፍሮው ይቀቀላል፤ ቡናው ይፈላል፤ ጎረቤት ሁሉ የቻለውን ይዞ ይመጣል። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ምርቃት አለ። በዕድሜ ገፋ ያልኩ ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ መራቂው እኔ ነኝ። ለስድስት ዓመታት ምርቃቴን የምዘጋው በአንድ ነገር ነበር። «የዓመት ሰው ይበለን፤ ለከርሞ ልጄና ምራቴ ልጅ ታቅፈው ለማየት ያብቃን!» ሰዉ ሁሉ «አሜን!» ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ ስለምመርቅ በዚያች ሰዓት የልጄን ፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ልደታ ግን ገና ምርቃቱን ስጀምር ልጄ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ሲሄድ አየሁት። ውኃ ሊያመጣ መሰለኝ። ምርቃቱ አልቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ መሽቶም አልተመለሰም። ፈልጌ ሳገኘው አጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ ጀሪካኑም ባዶውን አጠገቡ አለ። «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «አባዬ፣ እባክህ ከእንግዲህ አትመርቀኝ» አለኝ።

ልጅ አባቱን ምርቃት ሲለምን እንጂ «አትመርቀኝ» ሲል የት ተሰምቶ ያውቃል? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ልጄና ምራቴ ፈቅደውልኝ ነው። «ስማችንን አታንሣ እንጂ ለሌላ አባት ይጠቅማል» ብለውኛል። እኔም የምጽፈው እንደ እኔ የልጅ ልጅ ለማየት ለቸኮለ አባት፣ ለቸኮለች እናት ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። ሠርጋቸው ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር። ልጄ አስጎብኚ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄዱ ጎብኚዎች የሚነሡት ከእኛ ከተማ ስለሆነ፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ እየለቀመ፣ ጭላዳና ዋልያ እያሳየ ያደገ ነው። ምራቴ የዳባት ልጅ ናት፤ መምህርት ናት። ሁለቱም ሥራ አላቸው፤ ይዋደዳሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? ልጅ ብቻ።

በእኛ አገር ለሙሽሮች የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ዓመት ሳይሞላ «ምን አላችሁ?» ይጀመራል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጥያቄው ወደ ሹክሹክታ ይለወጣል። ሦስተኛው ላይ ሹክሹክታው ስም ያወጣል፤ ስሙም የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ባለቤቴ ምራታችንን ሦስት ጊዜ ጸበል ወሰደቻት። ስለ ጸበሉ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ እኔም አምንበታለሁ። ቅር የሚለኝ ሦስቱንም ጊዜ የተወሰደችው እሷ ብቻ መሆኗ ነው። ልጃችንን «አንተም ሂድ» ያለው ሰው አልነበረም። ወንድ ልጅ መካን ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ የሥራዬ ነገር ነው። እኔ ለ31 ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ዳባት፣ ከዚያም ደባርቅ። የወንድንና የሴትን የመራቢያ አካል በጠመኔ ሥዬ፣ ለፅንስ የሁለቱም ድርሻ እኩል እንደሆነ ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ትምህርቱን ከጠመኔው ጋር ትምህርት ቤት ትቼው እገባ ነበር ማለት ነው። ይባስ ብሎ በ2014 ዓ.ም. አንድ ዘመዴን ጠርቼ፣ ሽማግሌ ተልኮ በሰላም የሚለያዩበትን መንገድ እስከ መማከር ደርሻለሁ። ልጄ ይህን ሰምቶ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚያች የልደታ ማታ አጥሩ ሥር አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም አልን። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «አባዬ፣ እሷ ጎንደር ሄዳ ከተመረመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። ምንም የለባትም። ሐኪሙ ባልሽን ይዘሽ ነይ ብሏታል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ።»

ምራቴ ይህን ሁሉ ዓመት ጤነኛ መሆኗን እያወቀች፣ ባለቤቴ ጸበል ስትወስዳት እየሄደች፣ ጎረቤት «መካን» ሲላት እየሰማች ዝም ብላለች። ለምን? የባሏ ስም እንዳይነሣ። በኋላ ቀርቤ ይቅርታ ስጠይቃት «አባባ፣ እርስዎ ቢያውቁ እሱ ዓይንዎን ቀና ብሎ አያይም ብዬ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ልጄ የፈራው ምርመራውን ብቻ አልነበረም። በዚያው ማታ ሌላውንም ነገረኝ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ጎብኚ ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እኛው አካባቢ ደርሶ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ጎንደር ሸሸ፤ እኛም ሸሸን። ዳባት አጠገብ ባለችው ጭና የደረሰውን እልቂት አገር ያውቀዋል። ከተመለስን በኋላ ልጄ በር በተንኳኳ ቁጥር ከእንቅልፉ ይባንናል። ሥራ የለም፤ ብድር አለ። ማታ ማታ አረቄ ለመደ። እኔ «ሰነፈ» እል ነበር እንጂ «ታመመ» አላልኩም።

ጭንቀቱ ወደ መኝታ ቤታቸውም ገባ። ይህን የምጽፈው በጥንቃቄ ነው፤ ግን ካልተጻፈ አይጠቅምም። ባልና ሚስቱ ለእርግዝና የሚመቹትን ቀናት መቁጠር ጀምረው ነበር። ያ ቀን በደረሰ ቁጥር ለልጄ ፈተና የሚቀመጥ ያህል ይሆንበታል። ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። እምቢ ባለው ቁጥር ለሚቀጥለው ወር የበለጠ ይፈራል። በመጨረሻ በእነዚያ ቀናት ሰበብ ፈጥሮ ሌላ ቦታ ማደር ጀመረ። እንግዲህ አስቡት፤ ሌላ ምንም ዓይነት ሕመም ባይኖር እንኳ በዚህ ሁኔታ ልጅ ከየት ይመጣል? እኔ ደግሞ በየልደታው ቆሜ ያንን ፈተና በአደባባይ እጠራለት ነበር።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. ላይ ሦስታችን ወደ ጎንደር ሄድን። እኔ የሄድኩት ለአጃቢነት ነው። ምርመራው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የዘር ፈሳሽ በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ አለቀ። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ከመርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መቆጠብ ያስፈልጋል። ልጄ ግን ናሙናውን እዚያው በአንዲት ጠባብ ክፍል ስጥ ሲባል አቃተው። ሰው በር ላይ እየጠበቀ፣ ስም እየተጠራ እንዴት ይሆናል? ሐኪሙ አልተቆጣም፤ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው አለ። በቤት ወስዶ ማምጣትም ይቻላል፤ ግን በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ጎንደር ከተማ አልጋ ይዘው አደሩ፤ እኔም ዘመድ ቤት ሄድኩ። በማግሥቱ ሆነላቸው። ለገጠር ሰው ትንሽ የምትመስል ነገር እንዲህ እንደምትከብድ ያን ቀን ተማርኩ።

ውጤቱ ዝቅተኛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ ውስጥ 16 ሚሊዮን የወንድ ዘር ነው። የልጄ ከዚያ ግማሹን አይሞላም፤ ወደ ፊት የሚዋኙትም ጥቂት ናቸው። ሐኪሙ በእጁም መርምሮት በግራው የዘር ፍሬ ዙሪያ መጠነኛ የደም ሥር ማበጥ አግኝቷል። ይህ ቫሪኮሲል የሚባለው ሲሆን በብዙ ጤነኛ ወንዶችም ላይ ይገኛል። «አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛው ነው ግን አልልም» አለን። ከዚያ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጦርነቱ ጠየቀው። ልጄን ይህን ሁሉ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው እሱ ይመስለኛል። አባቱ ነኝ የምለው እኔ እንኳ አልጠየቅሁትም።

እዚህ ላይ የድሮ መምህር ነኝና ትንሽ ላስተምር። የወንድ ዘር የሚመረተው በዘር ፍሬዎች ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከአንጎል ነው። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ በደም በኩል ሁለት መልእክተኛ ሆርሞኖችን ትልካለች። አንዱ የዘር ፍሬውን ቴስቶስትሮን እንዲያመርት፣ ሌላው የዘር ምርቱ እንዲካሄድ ያዛሉ። ሰው ሲጨነቅ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይረጫሉ። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ ጅብ ሲያባርርህ እንድትሮጥ ያደርግሃል። ለወራትና ለዓመታት ሲቆይ ግን ከአንጎል የሚወርደውን ያን ትእዛዝ ያደክማል። አካላችን አደጋ ላይ ነኝ ብሎ ሲያምን መውለድን ለሌላ ጊዜ ያሳድረዋል ማለት ነው። እንቅልፍም ቁም ነገር ነው፤ ቴስቶስትሮን በብዛት የሚመረተው ሰው ሲተኛ ነውና።

ይህን ጉዳይ በሌላ አገር ያጠኑት አሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የኮቤን ከተማ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በቀጣዩ ዓመት ሐኪሞች እንደጻፉት፣ ቀድሞ የተመረመሩ ወንዶች ከአደጋው በኋላ ሲመረመሩ የዘራቸው እንቅስቃሴ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በተለይ ቤታቸው የፈረሰባቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ38 እስከ 49 ዓመት ያሉ 193 ወንዶችን ውጤት አወጡ። በዓመቱ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር የደረሰባቸው ወንዶች የዘር ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ሥራ ያጡትም እንዲሁ። ዴንማርክም ውስጥ በ1,215 ወጣት ወንዶች ላይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከፍተኛ ጭንቀት ያለባቸው ውጤታቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህን ሳነብ ቤት ዘግቶ መሸሽ፣ ሥራ ማጣት፣ ዕዳ፣ የሌሊት መባነን አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ልጄን ያገኘሁት በእነዚያ ሰዎች መካከል ነው።

ግን አደራ፣ ነገሩን አታክርሩት። ጭንቀት ብቻውን ወንድን መካን ያደርጋል ያለ ሐኪም አላጋጠመኝም። በጦርነትም በረሃብም መካከል ልጅ ይወለዳል፤ በእኛም አገር ተወልዷል። ጭንቀት ከሌሎች ምክንያቶች ጎን ቆሞ ሸክሙን የሚያከብድ ነው። ሌሎቹ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በወቅቱ ያልታከመ ጨብጥ፣ የዘር መተላለፊያ ቱቦ መዘጋት፣ ሲጋራና የበዛ መጠጥ፣ የሆርሞን ችግር። በቆላው በኩል ለሥራ የሚወርዱ ልጆቻችን የሚያውቁት የወባ ትኩሳት እንኳ ለጥቂት ወራት የዘርን መጠን ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» ብሎ ምርመራን መተው፣ ምርመራ አድርጎ ጭንቀትን እንደ መናቅ ያለ ስሕተት ነው።

ሌላው ማወቅ ያለብን ነገሩ ክብ መሆኑን ነው። የተጨነቀ ሰው ልጅ ይዘገይበታል፤ ልጅ የዘገየበት ይጨነቃል። ይህን ክብ በአንድ ቦታ መስበር ያስፈልጋል። «አትጨነቅ» ማለት ግን አይሰብረውም። እኔ ብዬ አይቻለሁ። «አትጨነቅ» የተባለ ሰው ጭንቀቱን ይደብቃል እንጂ አይተወውም፤ በዚያ ላይ መጨነቁ ራሱ ጥፋቱ እንደሆነ ይሰማዋል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

ለልጄ የታዘዘለት ቀላል ነበር። መጠጥ እንዲያቆም፣ ሲጋራ እንዳይነካ፣ በሰዓቱ እንዲተኛ፣ በእግሩ እንዲንቀሳቀስ፣ በተከታታይም ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እንዲነጋገር። ለባልና ሚስቱ ደግሞ ቀን መቁጠሩን ለሦስት ወር ተዉት፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ስትፈላለጉ ብቻ አብራችሁ ሁኑ ተባሉ። ሦስት ወር የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። አንድ የወንድ ዘር ከመነሻው ተመርቶና በስሎ እስኪወጣ ወደ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። ዛሬ የሚታየው ውጤት የዛሬ ሦስት ወር የነበረው ኑሮ ነው። ገበሬ ወገኖቼ ይህ ይገባችኋል፤ በኅዳር የሚታጨደው በክረምት የተዘራው ነው። አንድ ምርመራ ብቻውን ፍርድ የማይሰጠውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ መስከረም ላይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በመካከሉ እንደምታውቁት በክልላችን ግጭት ተነሣ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ጥር 2016 ዓ.ም. ደረሰ። ውጤቱ ከመጀመሪያው ተሻሽሏል፤ ቁጥሩም እንቅስቃሴውም። መነሻውን ግን ገና አልሞላም። ከዚህ በኋላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ፣ ወይም አዲስ አበባ የሚታዩ እንደሆነ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። በመንግሥት በኩል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ልጅ ከማኅፀን ውጭ እንዲፀነስ የሚያደርገውን አይቪኤፍ የሚባለውን ሕክምናም ይሰጣል። እዚያ ለመድረስ ግን ገንዘብም፣ የመንገድ ሰላምም፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ ለመቀበል ተቸገረች። «የእኔ ልጅ? እንዲህ ያለ ጎበዝ?» አለች። ጎበዝነትና መውለድ ለእሷ አንድ ነበሩ፤ ለእኔም ነበሩ። ገደል የሚወጣ፣ ሸክም የሚያነሣ፣ ድምፁ የሚያስገመግም ሰው ዘሩ ሊያንስ ይችላል፤ ቀጭኑና ዝምተኛው ደግሞ ስምንት ይወልዳል። በመኝታ ብርቱ መሆንና መውለድ እንኳ አንድ አይደሉም። ያስረዳኋት ግን በባዮሎጂ አይደለም፤ በምታምንበት ነው። «ልደታን የምናከብረው ለእነማን ልጅ ነው?» አልኳት። «ለኢያቄምና ለሐና» አለች። «መካን ተብሎ የተናቀው ሐና ብቻ ናት ወይስ ኢያቄምም?» ዝም አለች። ከዚያ «ኢያቄምም» አለች። ኢያቄም ኀፍረቱን ከሐና ጋር ተካፍሎታል። የእኛ ቤት ግን ኀፍረቱን ሁሉ ለሐና ብቻ አሸክሞ ኖሯል። በማግሥቱ ባለቤቴ ምራታችንን አቅፋ ስታለቅስ አየሁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

ዳባት ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የጤና ጥናት ማዕከል አለ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቦታ ቦታ ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። የምራቴ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለምደውታል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ልጅ የሚጠብቅ ባል በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚባንን መዝገብ አይይዘውም። ያን ማየት የሚችለው አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ ለእኩዮቼ ጥቂት ልበል።

የመጀመሪያው፣ ልጅ ዘገየ ስትሉ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ካልተፀነሰ የምርመራ ጊዜ ነው፤ ሚስቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። ከመካንነት ችግሮች በግማሹ ገደማ የወንዱ ድርሻ አለበት። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው። ሴቷን ስንት ዓመት አንከራትቶ ወንዱን መጨረሻ ላይ ማስመርመር ግፍም ኪሣራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በዕድሜው ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ስለዚህ በእናንተ ቤት ብቻ የወረደ መዓት አይደለም።

ሁለተኛው፣ «ኃይል ይሰጣል» እየተባለ የሚሸጥ መርፌና ክኒን ልጆቻችሁ እንዳይነኩ ምከሩ። ከውጭ የሚወጋ ቴስቶስትሮን ጡንቻ ቢያፈረጥምም የራስን የዘር ምርት ያቆማል። ምን እንደሆነ የማይታወቅ የቅጠልና የሥር ጭማቂም እንዲሁ። ጸበሉ ይቀጥል፤ ሐኪሙም ይቀጥል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሦስተኛው ለአያቶች ነው። ወንድ ሕፃን ስታጥቡ ሁለቱም የዘር ፍሬዎች ወደ ከረጢታቸው መውረዳቸውን አስተውሉ። ስድስት ወር ሆኖት ካልወረደ «ሲያድግ ይወርዳል» ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት። በጊዜው ካልታከመ ለወደፊት መውለዱን ሊጎዳ ይችላል።

አራተኛው ልጃችሁን ማየት ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ፣ መጠጥ ያበዛ፣ ይወደው የነበረውን ነገር የጠላ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሰው ካያችሁ፣ ያ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ በሽታ ነው፤ ይታከማልም። በተለይ እንዲህ ባለ ጊዜ፣ ሥራ በጠፋበት፣ ሰላም በራቀበት አገር፣ ጠንካራ የሚመስለውን ልጅ አንድ ቀን ብቻውን ይዛችሁ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉት። ስለ ልጅ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ። እኔ ከልጄ ጋር ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ በየቅዳሜው በእግራችን እንሄዳለን። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ስለ በጎች፣ ስለ እህል ዋጋ፣ አንዳንዴም ስለ ጦርነቱ እናወራለን። እሱ ካላነሣው ስለ ልጅ አላነሣም። አንድ ቀን ራሱ አንሥቶ ብዙ አወራኝ።

አምስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ አፍን መጠበቅ ነው። «ምን አላችሁ?»፣ «የእኩያህ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ»፣ «የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት?» የሚሉ ቃላት ከፍቅር ይወጣሉ፤ የሚደርሱት ግን እንደ ክስ ሆነው ነው። እኔ የልጄን ሥራ መመለስ አልችልም፤ ጦርነቱን ማስቆም አልችልም፤ የዘሩን ቁጥር መጨመር አልችልም። ከሸክሙ ውስጥ የእኔ የነበረውን ማንሣት ግን እችላለሁ። ከሽማግሌው ጋር የመከርኩትንም ነገር ራሴ አንሥቼ ልጄንም ምራቴንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

እስካሁን ልጅ አልተወለደም። ይህን የምጽፈው አንባቢ መጨረሻው ላይ የክርስትና ድግስ እንዳይጠብቅ ነው። ይወለድ ይሆናል፤ ላይወለድም ይችላል። አረቄው ግን ቆሟል። ልጄ ከሚስቱ ጋር በአንድ መሶብ እየሳቁ ሲበሉ አይቻለሁ። ሰበብ ፈጥሮ ሌላ ቦታ ማደሩም ቀርቷል።

በ2017 ዓ.ም. ልደታ እንደ ልማዳችን ደጅ ላይ ተሰብስበን ሳለ ከሌላ ሰፈር የመጣች እንግዳ ወደ ልጄና ወደ ምራቴ ዞራ «እናንተስ፣ ምን አላችሁ?» አለች። ክፋት አልነበራትም። ምራቴ አንገቷን ደፋች። ልጄ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። «እነሱ ጤና አላቸው፤ እኛም አለንላቸው። እኔም እነሱ አሉኝ» አልኩ። እንግዳዋ ገብቷት «እሰይ፣ ያቆይላችሁ» አለችና ቡናዋን አነሣች።

ምርቃቱ ሲደርስ ዓይኔን ሳልጨፍን መረቅሁ። «ለአገራችን ሰላም፣ ለቤታችን ጤና፣ ለልጆቼ ፍቅርና እረፍት ስጥልን» ብዬ አበቃሁ። ልጄ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ከዚያ ሁሉ «አሜን» መካከል የእሱን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት።